እናቱ የፈረመችው ወረቀት

ውድ ጓደኛዬ፣

የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እማማም ልጆቹም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ይህን ያህል ዘመን ድምፄን አጥፍቼ ስለቆየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። አንቺም ብትሆኚ እጅሽ ለብዕር እንደማይፈጥን ከተማሪ ቤት ጀምሮ የማውቀው ስለሆነ፣ በዚህ በኩል ተቻችለን እንለፈውና ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ዛሬ ለመጻፍ ያስነሣኝ የልጄ ነገር ነው። አንቺ በእቅፍ የምታውቂው ልጅ አሁን በቁመት በልጦኛል፤ ድምፁም ጎርንኗል። በትምህርት ቤቱ ለአንዛክ ቀን፣ ማለትም እዚህ አውስትራሊያ ውስጥ በየዓመቱ ኤፕሪል 25 በጦርነት የሞቱት ለሚታሰቡበት በዓል፣ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ወታደር መርጦ ታሪኩን እንዲያቀርብ ታዘው ነበር። እርሱም ጂም ማርቲን የሚባለውን መረጠ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ቱርክ አገር በሚገኘው ጋሊፖሊ ላይ ከዘመቱትና ከሞቱት አውስትራሊያውያን ሁሉ በዕድሜ ትንሹ እርሱ እንደነበር ይታመናል። በሞተ ጊዜ ዕድሜው 14 ዓመት ከ9 ወር ነበር። የእኔም ልጅ 14 ዓመቱ ነው፤ እንግዲህ ጽሑፉን አብሬው ሳነብ ሆዴ እንዴት እንደተላወሰ አንቺ ትረጂኛለሽ።

ጂም የተወለደው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1901 ቶኩምዋል በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ ሲሆን፣ ቤተሰቡ በኋላ እዚሁ ሜልበርን ውስጥ ሃውቶርን በሚባለው ሰፈር ይኖር ነበር። ከእኅቶቹ መካከል አንድያ ወንድ ልጅ ነው። በመጀመሪያ ለመዝመት የሄደው አባቱ ነበር፤ አባቱን ሳይቀበሉት ሲቀሩ ልጁ «ግድ የለም፣ እኔ እሄዳለሁ» አለ። በዘመኑ ደንብ 21 ዓመት ያልሞላው ሰው ሊመለመል የሚችለው 18 ዓመት ከሞላውና ወላጁ ፈቃዱን በጽሑፍ ከሰጠለት ብቻ ነበር። ወላጆቹ እምቢ ሲሉት፣ በሌላ ስም ተመዝግቤ እዘምታለሁ፣ ደብዳቤም አልጽፍላችሁም ብሎ አስፈራራቸው። እናቱ አሚሊያ በመጨረሻ ፈረመች። ልጁም በ1915፣ ኤፕሪል 12 ቀን፣ ዕድሜዬ 18 ነው ብሎ ተመዘገበ።

ልጄ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ማንበቡን አቁሞ «እማዬ፣ አንቺ ብትሆኚ ትፈርሚ ነበር?» አለኝ። እኔም ሳላስብ «በጭራሽ!» አልሁት። አልሁት እንጂ ሌሊቱን እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። እኛ ሰዎች ይህችን እናት ለመኮነን እንፈጥናለን፤ የገዛ ልጇን ዕድሜ እያወቀች እንዴት ትፈርማለች እንላለን። ነገር ግን የቀረበላት ምርጫ «ይሂድ ወይስ ይቅር» የሚል አልነበረም። ልጁ መሄዱን ቆርጧል፤ የቀራት በእውነተኛ ስሙ ሄዶ የት እንዳለ ማወቅ፣ ወይም በማታውቀው ስም ሄዶ ቢታመምም ቢሞትም መርዶው እንኳ የማይደርሳት መሆን ነው። ስሙን ነው የመረጠችው። በእኔ ፍርድ ሊጠየቁ የሚገባቸው ከምልመላው ጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጡት ናቸው። የልደት ማስረጃ አልጠየቁም፤ ቁመቱ ደረሰ፣ ድምፁ ወፈረ፣ ብለው ተቀበሉት። አንድ ጎልማሳ ሰው ቀና ብሎ ፊቱን በደንብ ቢያየው ኖሮ የምንነጋገረው ሌላ ነገር ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። ከ21ኛው ሻለቃ ጋር ሠልጥኖ በጁን 28 ቤሪማ በምትባል መርከብ ከሜልበርን ተነሣ፤ ግብፅ ደረሰ፤ ከዚያም ሳውዝላንድ በሚባል መርከብ ወደ ጋሊፖሊ ሲጓዙ ሴፕቴምበር 2 ቀን ሌምኖስ ደሴት አጠገብ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በቶርፔዶ መታቸው። ጂም አራት ሰዓት ያህል ባሕር ውስጥ ቆይቶ ተረፈ። ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥም ጋሊፖሊ ላይ ወርዶ ምሽግ ገባ።

ከምሽግ ለቤተሰቡ ይጽፍ ነበር። ስለ እኔ አታስቡ፣ ደኅና ነኝ ይላቸዋል። ይሁን እንጂ ከቤት የሚላክለት ደብዳቤ አይደርሰውም ነበር፤ ቤተሰቡ ይጽፉለታል፣ ፖስታው ግን እርሱ ካለበት አይደርስም። ልጅ ነው እንግዲህ፤ ጓደኞቹ በየተራ ስማቸው እየተጠራ ከቤት የመጣላቸውን ሲቀበሉ እርሱ ባዶ እጁን ሲቆም ምን እንደሚሰማው ገምቺው። ያን ሁሉ ቀን ረስተውኝ ይሆን እያለ እንዳልኖረ ማን ያውቃል?

በኦክቶበር ብርዱና ዝናቡ በረታ፤ ታይፎይድም ያዘው። ወደ ሐኪም አልሄድም ብሎ ከሥቃዩ ጋር ምሽጉ ውስጥ ሰነበተ። ኦክቶበር 25 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 14 ቀን 1908 ዓ.ም.፣ የአቡነ አረጋዊ ዕለት፣ ግሌናርት ካስል ወደምትባል የሆስፒታል መርከብ ሲያመጡት ሰውነቱ ከስቶ አልቆ ነበር። የነርሶቹ አለቃ ፍራንሲስ ሬዶክ ስለ መጨረሻው ሰዓት ለእናቱ ጽፋላታለች፤ ካስተካከሉለት በኋላ ተሽሎኛል ብሎ አመስግኗት፣ ሊተኛ ተመቻችቶ፣ ወዲያው እንዳረፈ ነገረቻት። ሰዓቱ ከምሽቱ 12 ተኩል አልፎ ነበር። አስከሬኑ ለባሕር ተሰጠ። መቃብር የለውም፤ ስሙ ብቻ ጋሊፖሊ በሚገኘው የሎን ፓይን መታሰቢያ ላይ ተቀርጿል። በዚያ ዘመቻ ከ8 ሺህ በላይ አውስትራሊያውያን ሞተዋል፤ ከማዶው የወደቁት የቱርክ ልጆች ቁጥር ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ የእነርሱም እናቶች እናቶች ናቸው።

ቤተሰቡ ዘንድ የቀረው አንድ ፎቶግራፍ፣ ጥቂት ደብዳቤዎችና የቀይ ወረቀት ጥብጣብ ቁራጭ ነው። መርከብ ወደቡን ሲለቅ ተጓዡና ሸኚው ጥብጣቡን በሁለት ጫፍ ይዘው እስኪበጠስ ድረስ አይለቁትም ነበር አሉ። ያችን ቁራጭ አኑረዋታል።

አሁን የምለው ነገር ይከብደኛል፤ ብዕሬንም ብዙ ጊዜ አንሥቼ አስቀምጫለሁ። ይህን ሁሉ ሳነብ በዐይኔ ፊት የነበረው ወንድምሽ ነው። እማማ ዳቦ ቆሎውን ቋጥረው፣ አንገቱን ስመው ሲሸኙት አብረን ቆመን ነበር። የፈረሙት ወረቀት አልነበረም፤ ልጁም ማንንም አላስፈቀደም። ከደብተር በተገነጠለ ባለ መስመር ወረቀት ላይ የጻፈልሽ ደብዳቤዎች፣ «አይዞሽ፣ ለእማማ ግን ብርዱን እንዳትነግሪያት» የሚለው ያለበትን ጭምር፣ ሳጥንሽ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ። ስለ እርሱ ከአንቺ ጋር በቅጡ ተነጋግረን አናውቅም። አንቺ አላነሣሽም፣ እኔም ደፍሬ አልጠየቅሁሽም፤ ምናልባት ዝምታችንም የጀመረው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ልጄ ጽሑፉን አቅርቦ ከጨረሰ በኋላ ካዴት ልሁን፣ የደንብ ልብሱም ያምረኛል ማለት ጀምሯል። በትምህርት ቤቱ ፈቃድ ያለበት ሥልጠና ስለሆነ አደጋ የለውም ይሉኛል፤ አምናቸዋለሁ። ግን ቅጹ የወላጅ ፊርማ ይጠይቃል፤ እስካሁን አልፈረምሁም፣ አልቀደድሁትምም። ልጁን መከልከል አልፈልግም። የምፈልገው ጦርነት በቤት ለቀረው ሰው ምን እንደሆነ አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው፤ እኔ ብነግረው የእናት ፍርሃት ይመስለዋል። ከአንቺ ቢሰማ ግን ሌላ ነው፤ ያንቺ ቃል ከእኔ ምክር ይልቅ ይገባዋል ብዬ አስባለሁ።

ስለዚህ እኅቴ፣ አቅሙ ካለሽ ጻፊለት። ስለ ወንድምሽ ጀግንነት አይደለም፤ ስለ ኳስ ፍቅሩ፣ አንቺን ስለማብሸቁ፣ ደብዳቤው ሲቋረጥ ቤታችሁ ውስጥ ምን ይባል እንደነበር ጻፊለት። ካልሆነልሽ ግን አልቀየምሽም፤ እንዲያው ለእኔ ብቻ «ደርሶኛል» ብለሽ መልሺልኝ። አማርኛ ያነባል፤ እጅ ጽሑፍሽ ግን እንደ ቀድሞው የተጠላለፈ ከሆነ ፊደሉን ለየት ለየት አድርገሽ ጻፊው። ቅጹ የሚመለሰው በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ስለሆነ በቴሌግራም ፎቶ አንሥተሽ ብትልኪው ይደርስልኛል፤ ዋናውን ግን በፖስታ ላኪለት፣ በስሙ አድርጊው። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

የዘወትር ወዳጅሽ፣
ከሜልበርን