የመጋገር ክበብ ዓመት፦ ከቼክ ወጥ ቤት የመጣችው ቡብላኒና

በ2017 የትምህርት ዘመን ክበባችን አንዲት ኬክ ይዞ ከረመ። ስሟ ቡብላኒና ይባላል። ቼኮች ቅዳሜና እሁድ ቤታቸው የሚጋግሯት የፍራፍሬ ኬክ ናት። ክሬም የላትም፣ አትደራረብም። ሊጡ ትሪ ላይ ይፈሳል፣ ፍራፍሬው ከላይ ጣል ጣል ይደረጋል፣ ስትበርድ የላመ ስኳር ይነሰነስባታል። ከዚያ አራት ማዕዘን ተቆርጣ በእጅ ትበላለች። አሥር ዓይነት ኬክ ከመነካካት አንዱን ጠንቅቆ ማወቅ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ለልጆቹም ይህንኑ ነገርኳቸው፤ ተስማሙ።

ነገሩን ያመጡልን የአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪያችን አያት ናቸው። በደርግ ጊዜ፣ አገሪቱ ገና ቼኮዝሎቫኪያ ሳለች፣ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተው ብርኖ ተምረዋል። አርበኞቻችን የሚያውቁት ብርኖ ጠመንጃ የተሠራባት ከተማ ናት። ጥቅምት ላይ ክበባችን ድረስ መጥተው አጫወቱን። እዚያ አገር በገጠር መንገድ ዳር የቼሪ ዛፍ ተደርድሮ ይታያል። ሰኔ ላይ ፍሬው ሲደርስ በየቤቱ ቡብላኒና ይጋገራል። ቼሪው ሲያልፍ በአፕሪኮት፣ ቀጥሎም በፕሪም ይሠሯታል። ብዙ እናቶች ደግሞ ቼሪውን ከነውስጥ ፍሬው ነው የሚጨምሩት፤ ጭማቂው ሊጡን እንዳያርሰው። የሚበላው ሰው ለጥርሱ ይጠንቀቅ እንጂ! ልጆቹ «አባባ፣ አባባ» እያሉ በጥያቄ ወጥረው ያዟቸው። እሳቸውም ሳይሰለቹ መለሱላቸው፤ ከልብ እናመሰግናቸዋለን።

የሰጡን ልክ ይህ ነው፦ 4 እንቁላል፣ 150 ግራም ስኳር፣ 250 ግራም ዱቄት፣ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 100 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 6 ግራም ቤኪንግ ፓውደርና ግማሽ ኪሎ ፍራፍሬ። ቼኮች ሱቅ ሲሄዱ የስንዴ ዱቄት በሦስት ዓይነት አፈጫጨት ያገኛሉ፤ የላመ፣ መካከለኛና ሸካራ። ለቡብላኒና አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛውን ይመርጣሉ። ሸካራውን ቅቤ የተቀባው ትሪ ላይ ይነሰንሱታል፣ ኬኳ እንዳትይዝ። እኛ በፉርኖ ዱቄት ሠራን። ቼሪ እንደ ልብ ስለማይገኝ እንጆሪና ፕሪም ተጠቀምን። ፍራፍሬውን ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በትንሽ ዱቄት እናሸዋለን፤ አለበለዚያ ወደ ታች ይሰምጣል።

የመጋገሪያ ቀናችንን የወሰነው ጾሙ ነው። ኬኳ ያለ እንቁላል አትሆንም፤ ከአባላቱ ብዙዎቹ ደግሞ ጿሚ ናቸው። ማንም ልጅ ቆሞ እያየ ሌላው እንዲበላ አልፈለግሁም። ስለዚህ በጥቅምት፣ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ጋገርን፤ እሱም ረቡዕና ዓርብን ትተን ማክሰኞ ማክሰኞ። በነቢያት ጾምና በሁዳዴ ሚዛን ማንበብ፣ ዱቄት መንፋት፣ የኦቨን ሙቀት መለካት ተማርን። ይህ ጊዜ ባከነ የሚል ካለ አልስማማም። ከሁዳዴ በኋላ የልጆቹ እጅ ሌላ ሆኖ ነው የተመለሰው።

ትልቁ ትምህርት ግን ከከፍታው መጣ። በጥቅምት የጋገርናቸው ኬኮች ኦቨን ውስጥ ቶሎ ተነፍተው መሐላቸው ስርጉድ አለ። ልኩ ምንም ችግር የለበትም፤ ለብርኖ የተሠራ ልክ ነው። መሐል ብርኖ ከባሕር ጠለል በላይ ከ200 ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ሊጡ ውስጥ ያለው አየር አብዝቶ ይለጠጣል። ዱቄቱና እንቁላሉ በስሎ ሳይጠነክር ኬኳ ከፍ ትልና ትወድቃለች። ውሃም ቶሎ ይተናል። የፊዚክስ መምህራችን ቴርሞሜትር ይዘው መጥተው ውሃ አፈሉልን። 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ተንፈቀፈቀ። 100 ዲግሪን በቃላቸው የያዙት ልጆች ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው።

ከዚያ ልኩን ለራሳችን አስተካከልን። ቤኪንግ ፓውደሩን በግማሽ ቀነስን። ከስኳሩ ሁለት ማንኪያ አወጣን፣ ወተትና ዱቄት አንድ አንድ ማንኪያ ጨመርን። ኦቨኑን ከ175 ወደ 185 ዲግሪ ከፍ አደረግን። ከሁሉ በላይ የእንቁላሉን ነጭ አመታት ለወጥን። አስኳሉ ከስኳሩ ጋር ለብቻው እስኪነጣ ይመታል። ነጩ ደግሞ ንጹሕ ሳህን ውስጥ ይመታል፤ የቅባት ጠብታ ከነካው አረፋ አይወጣውም። ቆላ ላይ ነጩ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ቢመታ ችግር የለውም። እኛ ጋ መምቻው ብድግ ሲል የአረፋው ጫፍ አንገቱን ከደፋ ይበቃል። ከዚያ ከሥር ወደ ላይ በእንጨት ማንኪያ ቀስ ብሎ ማገላበጥ ነው። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ይህን ሥራ ማንም እንዲነካበት አልፈቀደም። ትንፋሹን ውጦ፣ ከንፈሩን ነክሶ ሲያገላብጥ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። ጥር ላይ መሐሏ ያልሰመጠ ኬክ ከኦቨን ያወጣው እሱ የነበረበት ቡድን ነው። ጭብጨባው እስከ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ተሰማ።

ክበቡ ትምህርት ቤት ውስጥ ብቻ እንዲቀር ስላልፈለግን ልጆቹ ቤታቸው እንዲሞክሩ አደረግን። ኦቨን የሌለው ቤት ብዙ ነው። እነሱ ወፍራም ድስት ውስጥ ማስቀመጫ አድርገው፣ ትሪውን እሱ ላይ አኑረው፣ ከድነው በለስላሳ እሳት ጋገሩ። ከላይ እንደ ኦቨኑ ወርቃማ አትሆንም፤ ውስጧ ግን ጥሩ አድርጋ ትበስላለች። ወንዶቹ ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ወጥ ቤት ገብተው መሥራታቸው እኔን በጣም አስደስቶኛል። አንዲት እናት መጥተው በግራም መመዘንን ልጃቸው እንዳስተማራቸው ነግረውኛል።

ለመጪው ዓመት ሁለት ነገር እንፈልጋለን። አንደኛ፣ ያለን ሚዛን አንድ ብቻ ስለሆነ ቡድኖቹ ወረፋ ይጠብቃሉ፤ አንድ ተጨማሪ ሚዛን ቢኖር ሥራው ይፈጥናል። ሁለተኛ፣ በኮክ መሞከር እንፈልጋለን። ኮክ ለአፕሪኮት ይቀርባልና ቡብላኒና ላይ ያምርበታል። ዘንድሮ ግን ሳይደርስልን ጾመ ሐዋርያት ገባ። ግቢው ውስጥ የኮክ ዛፍ ያለው ቤተሰብ ካለ ያሳውቀን። አዲስ አባላት በመስከረም መጨረሻ እንመዘግባለን፤ ሽርጥና የእጅ ፎጣ ይዛችሁ ኑ።