የቦቢ ወገብ

ይድረስ ለወንድሜ ለደረጀ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያልኩህ ረስቼህ አይደለም፤ ይቅር በለኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የልጆቹን ፎቶ አይቼ ደስ ብሎኛል። እግራቸው ሥር የተኛው ውሻችሁ ቦቢ ግን አሳሰበኝ። ወገብ የሚባል የለውም፤ የአንገቱ ማሰሪያም ሥጋው ውስጥ ሰምጧል። በዓይን ብቻ አትፍረድ፣ ፀጉሩ ያታልላል። የአንድ እጅህን ጀርባ በሌላው ጣቶችህ ዳብስ፤ አጥንቱ ከቆዳው ሥር ይሰማሃል። የቦቢም ጎድን ስትዳብሰው እንደዚያ መሆን አለበት። እንደ መዳፍህ ከለሰለሰ ወፍሯል፤ እንደ ጨበጥከው እጅ አንጓ ከጎረበጠ ከስቷል።

ከዚያ ወፍጮ ቤት ውሰደውና በእህሉ ሚዛን አስመዝነው። ያለውን ኪሎ ሳይሆን ሊደርስበት የሚገባውን ያዝ፤ ለቦቢ 30 ኪሎ እንበል። በስልክህ 30ን በ30፣ የመጣውን እንደገና በ30 አባዛው፣ 27,000 ይሆናል። ስኩዌር ሩቱን (√) ሁለት ጊዜ አውጣ፣ 12.8 ገደማ ይመጣል፤ በ70 ስታባዛው 900 ካሎሪ አካባቢ ነው። ለመቀነስ በቀን የሚበቃው ይኸው ነው። ደረቅ ምግቡ በ100 ግራም 360 ካሎሪ ካለው፣ 250 ግራም ማለት ነው። በጣሳ አትስፈር፤ አንዴ ሞልቶ አንዴ ጎድሎ ልዩነቱ ብዙ ነው። በወጥ ቤት ሚዛን መዝን።

ዋናው ችግር ግን ሳህኑ ላይ ያለው አይመስለኝም። ጧት ሠራተኛዋ የእንጀራ ፍርፋሪ ትሰጠዋለች፣ ቀን ልጆቹ ብስኩት ይወረውሩለታል፣ ማታ ዘበኛው ከራቱ ያካፍለዋል። ሁሉም በፍቅር ነው፣ ሁሉም ጥቂት ነው፤ ቦቢ ግን የሁሉንም ይበላል። ወጡ ላይ የተንሳፈፈው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ነው። ሽንኩርቱ ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። ስለዚህ የቀኑን ድርሻ ጧት መዝነህ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጥ፤ መስጠት የፈለገ ሁሉ ከዚያው ይስጠው። ዕቃው ሲያልቅ አለቀ። ሲለምን ካላስቻላችሁ ጨው የሌለው የተቀቀለ ካሮት ወይም ፎሶሊያ ይቀመስ፤ እሱም ከቀኑ ካሎሪ አንድ አሥረኛውን አይለፍ።

ቸኩለህ ድርሻውን በግማሽ እንዳትቆርጥ። ተራ ምግብ በጣም ሲቀነስ ፕሮቲኑና ማዕድኑም አብሮ ይጎድላል፣ ከስብ ይልቅ ጡንቻው ያልቃል። በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢወርድ መልካም ነው፤ ለ38 ኪሎ ውሻ ከ400 እስከ 750 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። በየሁለት ሳምንቱ መዝነው። ወር ሞልቶ ካልቀነሰ አንድ አሥረኛ አንሳ። በዚህም እምቢ ካለ፣ በተለይ ፀጉሩ ከሳሳ ወይም ውኃ ካበዛ፣ እንስሳት ሐኪም ደሙን ይመርምርለት። የታይሮይድ ዕጢ መድከም ያወፍራል፣ ፀጉርም ያሳሳል፤ መኮላሸትም የሚያስፈልገውን ምግብ ይቀንሳል።

ሩጫ ይቅርበት፣ መገጣጠሚያው አሁን አይችልም። ጧትና ማታ 20፣ 20 ደቂቃ እርምጃ ይበቃዋል።

ደረጀ፣ ነገሩ የመልክ ጉዳይ አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት 48 ላብራዶር የሚባል ዝርያ ውሾችን ዕድሜ ልካቸውን ተከታትሎ ነበር፤ ከእኩዮቻቸው 25 በመቶ ያነሰ የተመገቡት ወደ 2 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ጨምረዋል። ልጆችህ ያንን ሁለት ዓመት ከቦቢ ጋር እንዲኖሩ እፈልጋለሁ።

የወፍጮ ቤቱ ሚዛን ስንት እንዳለ ቶሎ ጻፍልኝ።

ወንድምህ