ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ሲጨምር ኩሽኔታው ለምን እጥፍ አልሆነም?

አዳማ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የወፍጮ ቤት ባለቤቶች፣ መካኒኮችና ነባር ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ ስለ መለዋወጫ ዋጋና ስለ አዲሱ የዱቤ አሠራር

ጤና ይስጥልን።

ባለፈው መስከረም ከአርሲ የመጡ አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ሁለት የሱቃችንን ደረሰኞች ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ዘረጉ። አንዱ የግንቦት 2016 ነው፤ ሌላው የዚያው ቀን። ዕቃው ያው የወፍጮ ኩሽኔታ፣ ቁጥሩም ያው። ዋጋው ግን ከሩብ ትንሽ በለጥ ባለ መጠን ጨምሯል። እኛ «ዶላሩ ነው» ልንል አፋችንን ስንከፍት ቀደሙን። «ዶላሩማ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ዕቃችሁ ግን እጥፍ አልሆነም። እንግዲህ ወይ አሁን በኪሳራ ትሸጣላችሁ፣ ወይ ያኔ ስትበሉን ነበር። የትኛው ነው?»

ሻይ አዘዝንላቸው፤ መልሱ ግን ከሻዩ ረዘመ። ከእሳቸው በኋላም ያንኑ ጥያቄ ያነሱ ስላሉ በጽሑፍ ማስቀመጡን መረጥን። በኪሳራ አንሸጥም። ያኔም ትርፋችን ከዛሬው የተለየ አልነበረም። ነገር ግን የደንበኛችን ጥርጣሬ ከንቱ አይደለም፤ በመካከል የሚበላ ሰው ነበር።

የሱቃችን መሥራች አባታችን ዛሬም የዕቃ ዋጋ በዶላር ሲነገራቸው በልባቸው በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ያባዛሉ። ከንጉሡ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ የዶላር ዋጋ ይኸው ነበር። በ1985 ወደ 5 ብር ከፍ አለ፤ በጥቅምት 2010 ብር በአንድ ቀን የ15 በመቶ ቅናሽ ተደረገበት፤ በሐምሌ 2016 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ደርሶ ነበር። ይህ ሁሉ ግን የባንክ ሰሌዳ ዋጋ ነው። በዚያው ሳምንት ከባንክ ደጃፍ ወጣ ብሎ አንዱ ዶላር 115 ብርና ከዚያም በላይ ይጠየቅበት ነበር።

በሰሌዳው ላይ ርካሽ የሆነ ነገር በመጋዘን ውስጥ ሲያንስ ወረፋ ይመጣል። ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያና ለመድኃኒት ቅድሚያ ይሰጥ ነበር፤ ይህን የሚቃወም የለም። ከዚያ በኋላ ያለው ወረፋ ግን እንዴት እንደሚሄድ እስከ ዛሬ አልገባንም። እኛ ስማችንን አስመዝግበን 14 ወር ጠብቀን አንድ ዶላር ሳናገኝ ቀርተናል። ስለዚህ ዕቃውን ከመርካቶ ትልልቅ አስመጪዎች እየገዛን ለእናንተ እናከፋፍል ነበር። እነሱ ዶላሩን ከየት እንዳመጡት አንጠይቅም ነበር። መልካም ልማድ አልነበረም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ጂቡቲ ወደብ እስኪደርስ 100 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ እንውሰድ። የጉምሩክ ቀረጡን ለምሳሌ 10 በመቶ እንያዝ (እንደ ዕቃው ይለያያል)፤ በላዩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፤ ሌሎቹን ክፍያዎች ለጊዜው እንተዋቸው። ዶላሩን በባንክ በ57 ብር ያገኘ አስመጪ ለዕቃው 5,700 ብር፣ ለቀረጥና ለታክስ 1,510 ብር፣ በድምሩ 7,210 ብር ያወጣ ነበር። ዶላሩን ከባንክ ውጭ በ115 የገዛው ደግሞ ለዕቃው ብቻ 11,500 ብር ያወጣል። ጉምሩክ ግን ቀረጡን የሚያሰላው በባንክ ዋጋ ስለነበር ለታክስ የሚከፍለው ያው 1,510 ነው፤ ድምሩ 13,010 ብር ይሆናል።

ሁለቱ ዕቃቸውን መርካቶ ሲያወርዱ በስንት የሸጡ ይመስላችኋል? ሁለቱም በ13,010 ላይ ትርፍ ጨምረው ነው። በርካሽ ያስገባው ሰው ከጎረቤቱ አሳንሶ የሚሸጥበት ምክንያት አልነበረውም፤ ዕቃው እንደሆነ እጥረት አለበት። ስለዚህ በእያንዳንዱ 100 ዶላር ላይ 5,800 ብር፣ ያለ ሌላ ሥራ፣ ወረፋው ለደረሰው ሰው ይገባ ነበር። ለዚያ ገንዘብ ደረሰኝ አይቆረጥም፤ በአገር በጀትም ውስጥ አይታይም። የከፈላችሁት ግን እናንተ ናችሁ፤ ከእናንተም በኋላ ጤፏን ይዛ የምትመጣው ደንበኛችሁ። ከአርሲ የመጡት አባት «ስትበሉን ነበር» ያሉት ይህንኑ ነው፤ የበሉት ሰዎች ሌሎች መሆናቸው ብቻ ነው የሚለየው።

ሌላ ገጽታም ነበረው። ቡና ላኪዎች ከሚያስገቡት ዶላር 70 በመቶውን ለብሔራዊ ባንክ በሰሌዳ ዋጋ ያስረክቡ ነበር፤ ለራሳቸው የሚቀራቸው 20 በመቶ ብቻ ነበር። ይህችን 20 በመቶ ለማግኘት ሲሉ ቡናውን ከዓለም ዋጋ በታች፣ አንዳንዴም ከገዙበት በታች የሚሸጡ ነበሩ። ኪሳራውን በዚያ ዶላር መኪና ወይም መለዋወጫ አስገብተው ያካክሱታል። እንግዲህ መርካቶ ላይ የገዛነው ኩሽኔታ የአንድ የጅማ ገበሬ የቡና ዋጋ ተቀንሶበት የመጣ ሊሆን ይችላል። የውጭ ንግድ ፖሊሲ ሲባል የሚኒስትሮች ጉዳይ ይመስለን የነበርን ሰዎች ከባንኮኒያችን ኋላ ሆነን ያየነው ይህንን ነው።

አገሪቱ በታኅሣሥ 2016 የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ መክፈል ተስኗት ስሟ በዓለም ዜና ተነሣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ፤ በዚያው ዕለት ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። ዶላር በመጀመሪያው ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ አንድ ወር ሳይሞላው ደግሞ 100ን አለፈ። ላኪዎች ከገቢያቸው ግማሹን እንዲይዙ ተፈቀደ። ከጥቅምት 2015 ጀምሮ ዶላር የተከለከሉት ከመኪና እስከ ሽቶ ያሉ 38 ዓይነት ዕቃዎችም ተለቀቁ።

ያንኑ 100 ዶላር አሁን እናስላው። ባለፈው ዓመት ካስገባናቸው ጭነቶች አንዱ በ130 ብር ተመን የገባ ነው፤ እሱን እንያዝ። ለዕቃው 13,000 ብር፤ ቀረጥ 1,300፤ በ14,300 ላይ 15 በመቶ 2,145፤ ድምሩ 16,445 ብር። ከቀድሞው 13,010 ጋር ስታስተያዩት ጭማሪው 26 በመቶ ገደማ ነው፤ የደረሰኞቹ ልዩነት ይኸው ነው። ዶላሩ ከ57 ወደ 130 ወጣ የሚባለው ለሰሌዳው እንጂ ለእኛ አልነበረም። እኛና እናንተ ቀድሞውኑ በ115 ስንኖር ነበር።

ነገር ግን ጭማሪውን ፈታ አድርጋችሁ ተመልከቱት። ከ3,435 ብር ጭማሪ ውስጥ 1,500ው የዶላር ነው። የቀረው 1,935 ብር የቀረጥና የታክስ ነው። መንግሥት የቀረጡን መጣኔ አልነካም፤ ከመቶ 10 የነበረው ዛሬም 10 ነው። የሚሰላበት ገንዘብ ግን ከ5,700 ወደ 13,000 ወጣ። በእኛ አስተያየት ከለውጡ ሁሉ በጥቂቱ የተነገረለት ይህ ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ የፋብሪካ ባለቤቱንና የአንዲት ወፍጮ ባለቤቷን እኩል ከመቶ 15 ያስከፍላል፤ ፋብሪካው ግን በታክሱ ስለተመዘገበ ከሚሰበስበው ታክስ ላይ ያቀናንሰዋል። ያልተመዘገበችው እሷ በኪሎ ሳንቲም ጨምራ ከማስፈጨት በቀር መውጫ የላትም።

ታዲያ ማን ተጠቀመ? በሱቃችን ደጃፍ ያየነውን ብቻ እንንገራችሁ። ከጅማና ከአጋሮ የሚመጡ ደንበኞቻችን ባለፈው ዓመት አዲስ ሞተር በእጅ በእጅ ገዝተዋል፤ የእሸት ቡና ዋጋ ተነሥቶላቸዋል። ሁሉም ግን የምንዛሪው ሥራ አይደለም፤ ብራዚል ውስጥ ድርቅ ስለነበር የዓለም የቡና ዋጋ በዚያው ዓመት ታይቶ ወደማይታወቅ ደረጃ ወጥቶ ነበር። በ2016 በጀት ዓመት 3.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የነበረው የአገሪቱ የወጪ ንግድ ገቢ በ2017 ወደ 8.3 ቢሊዮን ሲያድግ ከግማሽ የሚበልጠው ወርቅና ቡና ነው። ከወርቁም ውስጥ ቀድሞ በድንበር ሾልኮ ይወጣ የነበረው፣ ባንኩ ደህና ዋጋ መክፈል ሲጀምር ወደ ባንኩ የመጣ አለ። ይህ ለውጡ በትክክል የሠራበት ቦታ ነው፤ የወረፋው ዘመን እንዲመለስም አንመኝም።

ወደ ውጭ የሚሄድ ነገር የማይሸጥ ሰው ግን የለውጡን አንድ ጎን ብቻ ነው ያገኘው። እዚሁ አዳማ ያሉ ወፍጮ ቤቶች እንደሚነግሩን ኩንታል ያስፈጩ የነበሩ ቤተሰቦች 25 ኪሎ ይዘው ይመጣሉ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ በትንሽ በትንሹ እየጨመረ ነው፤ ለአራት ዓመትም ይቀጥላል። የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ ካለፈው መስከረም ጀምሮ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። በ2008 የተወሰነው ከግብር ነጻ የሆነ 600 ብር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳይነቃነቅ ቆይቶ ባለፈው ሐምሌ 2,000 ብር ሆነ። የሱቅ ረዳቱ፣ የጉልበት ሠራተኛው፣ ወፍጮ ላይ ዱቄት ለብሶ የሚውለው ልጅ ግን በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለውም፤ እኛ ጨምረናል፤ ሁሉም አሠሪ ጨምሯል ለማለት ግን አንደፍርም።

አሁን እናንተን በቀጥታ ወደሚነካው ወደ ዱቤ እንምጣ። ወረፋው አልጠፋም፤ ከዶላር መስኮት ወደ ብድር መስኮት ተዛውሯል። ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለማርገብ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ፤ ገደቡ በኋላ ወደ 18፣ ቀጥሎም ወደ 24 በመቶ ከፍ ብሏል። ንረቱ መርገቡ ለሁላችንም ይጠቅማል። ነገር ግን የሚያበድረው ገንዘብ የተለካበት ባንክ ፎቅ ያለውን ደንበኛ ያስቀድማል። እኛ ያለን ንብረት ኩሽኔታና ችንጋ ነው፤ ኩሽኔታ ደግሞ በማስያዣነት አይወደድም።

ዛሬ ዶላር ይገኛል፤ ኤልሲም (ባንክ ለውጭው ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ይከፈትልናል። ባንካችን ግን ሙሉውን ገንዘብ በቅድሚያ እንድናስቀምጥ ይጠይቀናል። የ20,000 ዶላር ጭነት ለማዘዝ በ57 ብር ቢሆን 1,140,000 ብር ይበቃ ነበር፤ በ130 ግን 2,600,000 ብር ያስፈልጋል፤ ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪደርስ ገንዘቡ ተቆልፎ ይቆያል። ለእናንተ ለሦስት ወር ዱቤ እንሰጥ የነበረው ከዚሁ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ከኅዳር 1 ቀን 2018 ጀምሮ የዱቄት ፋብሪካዎችና ከሁለት በላይ ወፍጮ ያላቸው ደንበኞቻችን ዕቃ ሲረከቡ ይከፍላሉ። አንድ ወይም ሁለት ወፍጮ ላላቸው የሦስት ወሩ ዱቤ እንደነበረ ይቀጥላል። ትልልቆቹ ደንበኞቻችን ቅር እንደሚላችሁ እናውቃለን፤ በብዛት የምትገዙት እናንተ ናችሁና። እናንተን ግን ባንክ ያበድራችኋል፤ እነሱን የሚያበድር የለም። ነገሩ በንግድ ዓይን ሲታይ ሞኝነት ሊሆን እንደሚችል ከመካከላችን አንዱ አጥብቆ ተከራክሯል፤ በድምፅ ተሸንፎ ይህን ደብዳቤ እንዲጽፍ ተፈርዶበታል።

የምንሰጣችሁ የዋጋ ማቅረቢያ ለ10 ቀን ይጸናል። ግማሹን ከከፈላችሁ በኋላ ዶላር ወጣ ወረደ ዋጋው አይነካም። የገዛችሁት ዕቃ የገባበትን የጉምሩክ ሰነድ (ዲክላራሲዮን) ማየት የሚፈልግ ይጠይቀን፤ ቀረጡንና ታክሱን መስመር በመስመር እናሳያለን። የወፍጮ መዶሻና ወንፊት እዚሁ ከተማ ማሠራት ጀምረናል። ብረቱም ቢሆን ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ብዙ አይረክስም፤ ሦስት ወር ከመጠበቅ ግን ያድናል። ኩሽኔታ አገር ውስጥ እናሠራለን ብለን አንዋሽም።

አንድ ነገር ቀረ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት በዱቤ ወስዳችሁ ሒሳባችሁ ያልተዘጋ አሥራ አንድ ደንበኞች አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ በአዲሱ ዋጋ እንጠየቃለን ብላችሁ በሱቁ ፊት ለፊት ማለፍ እንደተዋችሁ ሰምተናል። የምትከፍሉት በደብተሩ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው። ከአርሲ የመጡት አባትም የግንቦቱን ደረሰኝ ይዘው የመጡት ለክርክር አልነበረም፤ ከዱቤው የቀረባቸውን 3,200 ብር ሊከፍሉ ነበር፤ ከፍለውም ሄደዋል።

ከአክብሮት ጋር
የወፍጮ መለዋወጫ ሱቃችሁ ባለቤቶች