አባባ፣ ይኼ መንገድ ከአሰብ መስመር ይረዝማል

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣

እንደምን ከረሙ? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን። ባለፈው በአውስትራሊያ በረሃ በመኪና ስለሄድንበት ጉዞ ስነግርዎት፣ በስልክ «ሰው በሌለበት ምድር ምን ልትሠሩ ሄዳችሁ?» ብለው ተቆጡኝ። መልሱ ረጅም ስለሆነ ልጻፈው ብዬ ነው። ደግሞም መንገድን እንደ እርስዎ ላለ የአሰብ መስመር ሾፌር መተረክ ደስ ይላል።

ከሜልበርን ተነስተን በአደሌድ አድርገን ፖርት ኦገስታ ገባን። ስቱዋርት አውራ ጎዳና የሚጀምረው እዚያ ነው። አውስትራሊያን ከደቡብ እስከ ሰሜን ሰንጥቆ ዳርዊን ይደርሳል፤ ከ2,700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እኛ እስከ አሊስ ስፕሪንግስ ነው የሄድነው፣ ግማሹም አይሞላ። አስፋልቱ ምንም አይወጣለትም። ኬላ የለም፣ ፍየል የለም፣ ዳገትም የለም ማለት ይቻላል። ከአማችዎ ጋር እየተቀያየርን ነዳን። ረዳት ሆኜ የሄድኩ እንዳይመስልዎት!

የጭነት መኪናውን ቢያዩ ግን ይገረማሉ። «ሮድ ትሬን» ይሉታል። አንዱ ጎታች ሦስት ተሳቢ ያስከትላል፤ እስከ 53.5 ሜትር ይረዝማል። የእርስዎ ኤንትሬ ከነተሳቢው ሁለቴ ይገባበታል። ከፊታችን ረጅም ባዶ መንገድ ካላየን ለመቅደም አንሞክርም። በጎናችን ሲያልፍ ንፋሱ መኪናችንን ወደ ዳር ይገፋታል። ሾፌሮቹ ጨዋ ናቸው። ከፊት የሚመጣ ሁሉ ከመሪው ላይ አንድ ጣት አንስቶ ሰላም ይላል። ሜልበርን ጎረቤቴ እንኳን እንዲህ አይለኝም።

ከግሌንዳምቦ እስከ ኩበር ፒዲ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ማደያ የለም። ኔትወርክም ይጠፋል። እርስዎ ሚሌና ሎግያ መካከል መኪና ሲቆምባችሁ፣ ከየት መጣ ሳይባል አንድ አፋር ከነግመሉ ብቅ ይላል ይሉን ነበር። እዚህ ብቅ የሚል የለም። ስለዚህ መኪና ከተበላሸ ትቶ መሄድ ክልክል ነው ይላሉ። ጥላው ሥር ተቀምጦ፣ ውሃ እየጠጡ መጠበቅ ነው። ከአየር ላይ መኪና ማየት ሰው ከማየት ይቀላል። በእግራቸው ወጥተው የሞቱ አሉ። እኛ በጀሪካን ውሃ፣ ክሪክ፣ ትርፍ ጎማና የሳተላይት ስልክ ይዘን ነበር። ጎማ ተነፈሰብን። አማችዎ ፈቶ ገጠመ፤ ብሎኑን በሰያፍ ማጥበቅ ያሳየሁት ግን እኔ ነኝ። ከማን እንደተማርኩ ያውቃሉ።

እማማ «ብትታመሙስ?» ብለዋል አሉ። ይንገሩልኝ፤ እዚህ በራሪ ሐኪሞች አሉ። በፈረንጆች 1928 የተጀመረ አገልግሎት ነው (ዓመቱን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ)፤ ሐኪሙ በአውሮፕላን በሽተኛው ያለበት ድረስ ይመጣል። አውራ ጎዳናው ራሱ አንዳንድ ቦታ ላይ ቀለም ተቀብቶ ለአውሮፕላን ማረፊያ ተዘጋጅቷል።

ማታ አንነዳም። ካንጋሮ መንገድ ላይ የሚበዛው ሲመሽና ሲነጋ ነው። ግመልም አለ፣ ያውም ባለቤት የሌለው! በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከነባለግመሎቹ ከአፍጋኒስታንና ከዛሬዋ ፓኪስታን አካባቢ ነው ያመጧቸው። የበረሃውን ዕቃ ሁሉ ሲያመላልሱ ኖሩ። በ1920ዎቹ የጭነት መኪና ሲበዛ ሥራ ፈቱ፤ በረሃ ተለቀው ተባዙ። የእርስዎ ሙያ ነው እንጀራቸውን ያሳጣቸው ማለት ነው። አፋር ውስጥ ግመል የገጨ ሾፌር ካሳው መከራ ነው፤ እዚህ የሚጠይቅ የለም።

ኩበር ፒዲ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ከተማ ናት። በ1915 ወርቅ ፍለጋ ከአባቱ ጋር የመጣ የ14 ዓመት ልጅ ነው ድንጋዩን ያገኘው ይባላል። በጋ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ብዙ ሰው የሚኖረው መሬት ውስጥ ነው። እኛም መሬት ውስጥ አደርን። መስኮት የለውም፤ ግን ቀንም ሌሊትም አየሩ ያው ነው። የሄድነው በሐምሌ ስለነበር ውጭው ሌሊት ይበርድ ነበር። ዙሪያውን የማዕድን ጉድጓድ ስለሞላ «ወደ ኋላ አትራመዱ» የሚል ምልክት ተተክሏል። ፎቶ ለማንሳት ወደ ኋላ ሲል ጉድጓድ የሚገባ ሰው አለ።

መሬት ውስጥ የተፈለፈለ የሰርቦች ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም አለ። ነጠላ ስላልያዝኩ በሻርፕ ተከናንቤ ተሳለምኩ። እንደ ላሊበላ ነው ብዬ አላጋንንልዎትም፤ በማሽን ነው የቆፈሩት። ግን ደስ ይላል።

አንድ የድንጋይ ሱቅ ገብተን ከወሎ ነኝ ስል ሻጩ የእኛ ኦፓል የሚወጣበትን ደላንታን ያውቃል። ደላንታን! ሜልበርን ውስጥ ኢትዮጵያ የት እንደሆነች የማያውቅ ስንት ሰው አለ፤ እሱ ወገል ጤና እያለ ያወራኛል። የወሎው ኦፓል ውሃ ውስጥ ሲነከር ውሃ ስቦ መስታወት ይመስላል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። የእነሱ እንዲህ አያደርግም አለኝ፣ ትንሽ ቅር እያለው። እኔ ደግሞ ኮራሁ። ለምን እንደኮራሁ አይጠይቁኝ።

ኡሉሩንም አየን፣ ቀዩን ትልቅ ድንጋይ። ቁመቱ 348 ሜትር ነው። ዙሪያውን በእግር ዞርን። ለአገሩ ባለቤቶች ለአናንጉዎች ቅዱስ ስለሆነ ድንጋዩ ላይ መውጣት ከ2019 ጀምሮ ተከልክሏል። አንዳንዱን ጎኑን ፎቶ እንዳታነሱም ይላሉ፤ የላክሁልዎ ፎቶ ከሩቅ የሆነው ለዚያ ነው። እና አባባ፣ «ሰው የሌለበት» ያሉት አገር ሰው አለው።

ምን ልትሠሩ ነው ላሉኝ ደግሞ፦ ሁለታችንም በፈረቃ ነው የምንሠራው። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። አንድ ቤት እየኖርን በመልእክት ነው የምንነጋገረው። መኪና ውስጥ ግን ማንም አይወጣም። ሳቅን፣ ተጣላን፣ ታረቅን፣ ስለ ልጅ አወራን። ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። ያን ሁሉ ዓመት አሰብ ሲመላለሱ እማማን አንድ ቀን እንኳን ይዘዋቸው አልሄዱም። ለምን? እሳቸውን ብጠይቅ ሳቁብኝ፤ «እሱን ጠይቂው» አሉ። እንግዲህ ጠየቅሁ። በድምፅ ቀድተው በታናሼ ስልክ ይላኩልኝ።

ልጅዎ