ሪቻርድ ዘውዱን «በፈቃዱ» አልለቀቀም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ እንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ሪቻርድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ወድጄዋለሁ፤ አንድ ቃል ግን ጎረበጠኝ። ንጉሡ ዙፋኑን ለአጎቱ ልጅ ለሄንሪ ቦሊንግብሮክ «በፈቃዱ» አስረከበ ይላል።

ይህ የአሸናፊው ወገን መዝገብ ወሬ ነው። መዝገቡ ሪቻርድ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 1399 ፊቱ ፈክቶ ሥልጣኑን ለቀቀ ይላል። የት ሆኖ? የለንደን ግንብ ውስጥ፣ እስረኛ ሆኖ! ደግሞስ በፈቃዱ ከለቀቀ፣ በማግስቱ ዌስትሚኒስተር ላይ 33 የክስ ነጥቦች መደርደር ለምን አስፈለገ? ከክሶቹ አንዱ «ሕጉ ያለው በአፌ ነው» ይል ነበር የሚል ነው። ብሎትም ሊሆን ይችላል፤ የሰውየው ጠባይ ያስጠረጥራል።

የጠቡን መነሻም በግል ጥላቻ ብቻ አልፋችሁታል። ጥላቻማ ነበር። ሄንሪ በ1387 የንጉሡን ወዳጆች ካሳደዱት መኳንንት አንዱ ነው፤ ሪቻርድም ቂሙን የሚረሳ ሰው አልነበረም። ነገሩን ያከረረው ግን ርስት ነው። በ1398 ሄንሪና የኖርፎክ መስፍን ቶማስ ሞውብሬይ በክህደት ተወነጃጅለው ኮቨንትሪ ላይ በጦር ሊለይላቸው ፈረስ ላይ ወጡ። ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ ሄንሪም ፈረሱን ወደፊት መንዳት ጀምሮ ሳለ ንጉሡ አስቆማቸውና ሁለቱንም ከአገር አባረረ፤ ሞውብሬይን ዕድሜ ልክ፣ ሄንሪን ለ10 ዓመት። በፌብሩዋሪ 1399 የሄንሪ አባት ጆን ኦቭ ጎንት ሲሞት ደግሞ ሰፊውን የላንካስተር ርስት ወሰደበት። የጎንትን ልጅ ከነቀለ የእኔን ምን ያግደዋል ብሎ ያልሰጋ ባላባት ስንት ይሆን?

ይህን አድርጎ ጦሩን ይዞ አየርላንድ መዝመቱ እስካሁን ይገርመኛል። በጁላይ ሄንሪ ዮርክሻየር ጠረፍ ላይ ሲወርድ የተከተሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ ፐርሲ የሚባሉት ኃያላን የሰሜን እንግሊዝ መኳንንት ሲታከሉበት ግን ሚዛኑ ተገለበጠ። እነሱ በኋላ እንደከሰሱት፣ ዶንካስተር ላይ ርስቴን እንጂ ዘውድ አልፈልግም ብሎ ምሎላቸው ነበር። ኦክቶበር 13 ቀን ዘውዱን ጫነ።

ሪቻርድ በ1400 መጀመሪያ ፖንተፍራክት ግንብ ውስጥ፣ በእስር እንዳለ ሞተ። አስከሬኑን ለንደን ድረስ ሲወስዱት ፊቱን ገልጠው ነው፤ ሕዝቡ መሞቱን በዓይኑ አይቶ እንዲያምን።

አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ