ለእቴቴ፣ ስለ ማሲንቆሽ

ይድረስ ለእቴቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? የመሐል ሜዳ ቁር ወገብሽን እንዳያስቸግርሽ እሰጋለሁ። እኔ እዚህ ደብረ ብርሃን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ አንድ ጥፋቴን ለመናዘዝ ነው። እማዬ ያረፈች ጊዜ ከሣጥኗ ሥር፣ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ካሴት አግኝቼ ሳልነግርሽ ይዤው መጥቻለሁ። በላዩ ላይ «አይነካ» የሚለው የአንቺ የእጅ ጽሑፍ መሆኑን አውቄ ነበር፤ ዓመት ሙሉ ግን ለመስማት አልደፈርኩም።

ያደፋፈረችኝ የለንደን ሴት ናት። ፖሊ ስታይሪን ስለምትባል ዘፋኝ ልጇ የሠራችውን ፊልም አየሁ። የተወለደችው በእኛ አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. ስለሆነ እኩያሽ ናት፤ አባቷም ሶማሌ ነው። የምትዘፍነው ፓንክ የሚሉትን ነው፤ ወጣቶቹ መምህርና ትምህርት ቤት ሳይጠብቁ ጊታር አንሥተው የሚጮኹበት ሙዚቃ ስለሆነ፣ ብትሰሚው አማትበሽ ከቤት የምትወጪ ይመስለኛል። እሷ ግን ጥርሷን ለማቃናት የታሰረላትን ሽቦ ሳትደብቅ፣ ደማቅ ልብሷን እንደፈቀደች ለብሳ፣ ኤክስ ሬይ ስፔክስ ከተባለው ባንዷ ጋር በ1971 ዓ.ም. አልበም አወጣች፤ ዓመት ሳይሞላም ባንዱን ተወችው። ኋላ ሃሬ ክሪሽና ወደሚሉት የሂንዱ እምነት ገባች፣ በ2003 ዓ.ም. በጡት ካንሰር አረፈች። ልጇ ሴለስት ቤል ከልጅነቷ ከፊሉን ያሳለፈችው በአያቷ ቤት ሲሆን፣ የእናቷን ነገር ፈልጋ ፊልም ያደረገችው ከሞተች በኋላ ነው።

የአያቷ ቤት የሚለው ላይ ስደርስ ፊልሙን አቁሜ ወጣሁ። አያቴን እማዬ፣ አንቺን እቴቴ እያልኩ ማደጌ አስከፍቶሽ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄሽ አላውቅም። ከኪነት ቡድኑ ጋር ስትዞሪ ጥለሽኝ የሄድሽ ይመስለኝ ነበር። ተማሪ ሳለሁ «የአዝማሪ ልጅ» ሲሉኝ፣ እናቴ ሱፍ ፈታይ ናት ብዬ እመልስ ነበር፤ ውሸት ባይሆንም ካድኩሽ።

ካሴቱን ወደ ፍላሽ አስገለበጥኩት። መጀመሪያ ላይ ሹክሹክታና የውሻ ጩኸት ይሰማል፤ ከዚያ ማሲንቆው ይነሣል፤ ከዚያም አንቺ፦

የፈተልኩት ሱፍማ በርኖስ ሆኖ ሄደ፤
የቀረኝ አንድ ጭራ ደጋን ሲያይ ነደደ።

ይህን ስሰማ፣ ማሲንቆ የወንድ ነው፣ አንቺ አጨብጭቢ ብሎሽ ስለነበረው ካድሬ አክስቴ የነገረችኝ ትዝ አለኝ። የለንደኖቹ ፓንኮች ሦስት ኮርድ፣ ማለት ሦስት የጊታር አያያዝ፣ ካወቅን ይበቃናል እያሉ ይኮሩ ነበር አሉ፤ ባለ አንድ ጭራዋን አንቺን አላዩም! ዘርሽ አዝማሪ አይደለም፣ ያስተማረሽም የለም፤ መንዝ ላይ ሴት ልጅ ደጋን ይዛ በሰው ፊት መቀመጧ ምን ያህል እንዳስወራ ለመገመት የእኔን የትምህርት ቤት ዘመን ማስታወስ ይበቃኛል።

ሁለተኛው ዘፈን መሐል ላይ ሕፃን ታለቅሳለች። ማሲንቆው ቀጥ ይላል፤ አንቺም «እሽሩሩ፣ እናቷ፣ ጨረስኩ» ትያለሽ፤ ልጅ በጀርባ ሲታዘል የሚሰማው የነጠላ መታጠቅ ድምፅ ይከተላል፤ ከዚያ ከተቋረጠው ስንኝ ላይ ሳትስቺ ትቀጥያለሽ። ሕፃኗ እኔ ነኝ፣ እቴቴ? ከአንቺ ጋር ነበርኩ ማለት ነው? ይህን ቦታ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም።

ማሲንቆውን የሰቀልሽው የነፍስ አባትሽ ስላዘዙሽ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ እንድትዘፍኚ አላስገድድሽም። ነገር ግን ግጥሞቹ የራስሽ እንደሆኑ፣ በየት በየት እንደተጫወትሽ፣ እኔንስ ለእማዬ የሰጠሽኝ በስንት ዓመቴ እንደሆነ ንገሪኝ፤ እጽፈዋለሁ። ለጥምቀት እመጣለሁ። ከምሰሶው ላይ የተሰቀለው ማሲንቆ ጭራው ተበጥሶ ስላየሁት፣ ከአንድ ባለ ጋሪ ነጭ የፈረስ ጭራ ለምኜ በፌስታል አስቀምጫለሁ። ለደጋኑ የሚቀባው ዕጣን ከቤትሽ አይጠፋም።

ልጅሽ