አመልካቹ በገዛ እጁ የሚጽፈው አንድ ገጽ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ላለፉት 17 ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ ድርጅት በሰው ሀብት አስተዳደር ሙያ ሳገለግል የቆየሁ የጋዜጣችሁ አንባቢ ነኝ። ክፍት የሥራ ቦታ በወጣ ቁጥር ከመዝገብ ቤት የሚመጡልንን የአመልካቾች ሰነዶች ከፍተው ከሚያነቡትና የመጀመሪያውን ማጣሪያ ከሚያካሂዱት ሠራተኞች አንዱ በመሆኔ፣ ሰው ሥራ ለማግኘት ሲል ስለ ራሱ የሚጽፈውን ደብዳቤ በብዛት የማንበብ ዕድል ገጥሞኛል። ጠዋት ጠዋት በአራት ኪሎ ሳልፍ ጋዜጣ ተከራይተው የሥራ ማስታወቂያውን ገጽ ብቻ እየገለጡ አድራሻና ቀነ ገደብ በብጣሽ ወረቀት የሚጽፉ ወጣቶችን አያለሁ። እንደ እነዚህ ያሉ ልጆች ተሯሩጠው የሚያስገቡት ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ ግን ከአጠገቡ ካለው የማይለይ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ በዚህ ጉዳይ የታዘብኩት ለእነርሱም ለእኛ ለቀጣሪዎችም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ይህን ጽፌያለሁ።

አንድ አመልካች በሚያቀርበው ፋይል ውስጥ ያሉትን ወረቀቶች አንድ በአንድ ብናያቸው ሁሉም ማለት ይቻላል በሌላ ሰው የተጻፉ ናቸው። ዲግሪውንና የውጤት መግለጫውን የጻፈው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ የሥራ ልምድ ማስረጃውን የጻፈው የቀድሞ አሠሪው ነው፤ የብቃት ማረጋገጫውን የሰጠው መዛኙ ተቋም ነው፤ መታወቂያውም የወረዳው ነው። ሲቪው ቢሆን በስም፣ በዓመተ ምሕረትና በትምህርት ደረጃ የተሞላ ዝርዝር ከመሆን ብዙም አያልፍም። አመልካቹ በገዛ አንደበቱ የሚናገርበት ወረቀት ማመልከቻው ብቻ ነው። ያንን አንድ ገጽ ከሰው ገልብጦ ካመጣው፣ ከራሱ ከባለጉዳዩ የምንሰማው ነገር አይኖርም።

የሚገለበጠው ጽሑፍ ምን እንደሚል የጋዜጣው አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። «ጉዳዩ፦ የሥራ ማመልከቻ ስለማቅረብ» ይልና «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደሞከርኩት መሥሪያ ቤታችሁ ያወጣውን ማስታወቂያ ተመልክቼ የተጠየቀውን መስፈርት የማሟላ ስለሆነ እንድወዳደር እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ብሎ፣ «ለሚደረግልኝ ቀና ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ» ሲል ይደመድማል። በዚህ ውስጥ አንድም የተሳሳተ ቃል የለም። ችግሩ ሹፌሩም፣ የሒሳብ ሠራተኛውም፣ ነርሷም ስማቸውን ብቻ እየቀየሩ ሊፈርሙበት መቻላቸው ነው። መስፈርቱን አሟላለሁ የሚለው ቃልም ለእኛ የሚጨምርልን ነገር የለም፤ ማሟላት አለማሟላቱን ከአባሪው እናየዋለን፤ ሁለት መቶ ሰው ካመለከተም ሁለት መቶው ሁሉ አሟላለሁ ብሏል።

ይህ አጻጻፍ ከየት እንደመጣ ሳስበው ሥሩ የአቤቱታ ደብዳቤ ይመስለኛል። በቋንቋችን ለፍርድ ቤት ወይም ለወረዳ የሚቀርበው አቤቱታም፣ ለቀጣሪ የሚቀርበው የሥራ ጥያቄም ማመልከቻ በሚል በአንድ ስም ይጠራሉ። በየፍርድ ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ጥላ ዘርግተው የሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች የብዙ ሰው ባለውለታ ናቸው፤ መጻፍ ለማይችለው ብሶቱን በሥርዓትና በወጉ አስቀምጠውለታል። ነገር ግን ተበዳይ በደሉን ዘርዝሮ የበላይ አካል እንዲያዝንለት የሚማፀንበት ቅርጽ ለሥራ ጥያቄ ሲውል፣ ወጣቱ ስለ ችሎታው ሊናገር በሚገባው ቦታ ስለ ችግሩ ይናገራል። «ከተመረቅሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ያለ ሥራ በመንከራተት ላይ ስለምገኝ»፣ «ታናናሾቼን የማስተዳድረው እኔ ስለሆንኩ» የሚሉ ብዙ ደብዳቤዎች አንብቤያለሁ፤ ሆዴ የባባበትም ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይሁንና ኮሚቴ በችግር መጠን ነጥብ ሊሰጥ አይችልም፤ ልስጥ ቢልም ችግሩን በልቡ ይዞ ሳይጽፍ የቀረውን ሌላውን አመልካች ይበድላል። «አመለከተ» የሚለው ግስ መጠቆምን፣ ማሳየትን ይናገራል፤ የምንጠቁምበትን ጣት አመልካች ጣት የምንለውም ለዚህ ነው። እኔም ከአንድ ማመልከቻ የምጠብቀው ይህንኑ ነው፦ ማስታወቂያው የሚፈልገውን ሥራ ከዚህ ቀደም የትና እንዴት እንደሠራው ጸሐፊው በጣቱ እንዲያሳየኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የመድኃኒትና የሕክምና መገልገያ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ለመቅጠር ማስታወቂያ አውጥተን ነበር። ማስታወቂያው ከዲፕሎማና ከሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ሌላ «ንብረት በአግባቡ ተረክቦ የሚያስረክብ፣ የአገልግሎት ጊዜያቸው የሚያልፍ ዕቃዎችን የሚከታተል» የሚል አንድ መስመር ነበረው። ከሁለት መቶ በላይ ከሆኑት ማመልከቻዎች መካከል ለዚያች መስመር መልስ የሰጠው የአንዲት ሴት ደብዳቤ ብቻ ነበር። በእጅ የተጻፈ ነው፤ ከግማሽ ገጽ ብዙም አይበልጥም። በቀድሞ መሥሪያ ቤቷ ዕቃ በሞዴል 19 ቅጽ ገቢ፣ በሞዴል 22 ቅጽ ወጪ ስታደርግ እንደቆየች፣ በየወሩ መጨረሻ ከዕቃው ጋር የሚቀመጠውን የቆጠራ ካርድ (ቢን ካርድ) በመዝገብ ከሚያዘው የክምችት ካርድ (ስቶክ ካርድ) ጋር ታመሳክር እንደነበር፣ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ እንዲወጣ ካርቶኖቹን በሚያልፉበት ወር ለይታ ባለቀለም ወረቀት ትለጥፍባቸው እንደነበር፣ ሥራ ስትለቅም ቆጠራ ተደርጎ ያለ ጉድለት ማስረከቧን ጽፋለች። በመጨረሻው መስመር ላይ «የርክክቡ ሰነድ ቅጂ በአባሪነት ተያይዟል» ይላል። ገልጬ አየሁት፤ ተያይዟል።

ያንን ደብዳቤ ሳነብ ግምጃ ቤቱ ራሱ ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ያህል ታየኝ። ለቃለ መጠይቅ ቀርባ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ብታገኝ ምን እንደምታደርግ ስንጠይቃት፣ ለይታ እንደምታስቀምጠው፣ በጽሑፍ እንደምታሳውቅና እስኪወገድ ድረስ ከመዝገብ እንደማትሰርዘው ሳትደናገር ነገረችን። የተቀጠረችው ሥራውን በማወቋ ነው። ይሁን እንጂ በትምህርት ውጤቷ ከብዙዎቹ የማትበልጥ ስለነበረች፣ ያ ግማሽ ገጽ ባይኖር ኖሮ ለፈተና ከጠራናቸው 15 ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ባልገባች ነበር።

የሥራ ልምድ ማስረጃ ይህን ሁሉ አይናገርም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ይከፈል የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል፤ አሠሪዎችም የሥራ ግብር መከፈሉን ጨምረው፣ ማኅተም አሳርፈው ይሸኙታል። ስለዚህ «ከየካቲት 2012 እስከ ጥር 2015 በገንዘብ ያዥነት አገልግለዋል» የሚል ወረቀት የያዙ ሁለት ሰዎች በፋይል ሲታዩ እኩል ናቸው። አንዱ በደመወዝ ሰሞን ስንት ሰው ያስተናግድ እንደነበር፣ ሌላው የቀኑ ሒሳብ ሳይገጥምለት ሲቀር ስሕተቱን እንዴት ፈልጎ እንዳገኘ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ እርሱ ካልጻፈው ማንም አይጽፍለትም።

«ልምድ የሌለኝ ሰው ምን ልጻፍ?» ብለው የጠየቁኝ አዲስ ተመራቂዎች አሉ። ጥያቄያቸው እውነት አለው፤ ማስታወቂያው «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» ሲል ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ይቆማል፤ ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ማለፍ የሁሉም ተመራቂ ግዴታ ስለሆነ ፈተናውን ማለፍ ብቻውን አንዱን ከሌላው አይለይም። ነገር ግን ዲግሪው ብቻ ያለው ሰው የለም። አንድ የሲቪል ምሕንድስና ተመራቂ ለተግባር ልምምድ በወጣበት የግንባታ ቦታ የኮንክሪት ናሙና በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ጥንካሬው ሲፈተሽ ውጤቱን በመዝገብ ይይዝ የነበረው እርሱ መሆኑን ቢጽፍ፣ ሳይት ላይ በእርግጥ ቆሞ እንደዋለ እናውቅለታለን። የእናቷን ሱቅ የዱቤ መዝገብ ለሦስት ክረምት የያዘች የሒሳብ አያያዝ ተመራቂም ይህንን መጻፍ ትችላለች። እንዲህ ያለውን ነገር መጻፍ የሚያሳፍር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ማን ምን ያህል እንደወሰደና መቼ እንደከፈለ ሳታደበላልቅ የያዘች ልጅ ሒሳብ ክፍላችን ብትመጣ ደስ ይለኛል።

በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ካቨር ሌተር የባሰ ነገር አለበት። አመልካቹ በቋንቋው ስለማይተማመን ከቴሌግራም ቻናል ያወረደውን ናሙና ስም ቀይሮ ይልካል፤ ስሙንም መቀየር የሚዘነጋበት ጊዜ አለ። የኛን ሥራ የጠየቀ አንድ ሰው በሦስተኛው መስመር ላይ የሌላ ድርጅት ስም ጠርቶ «ከዚህ ድርጅት ጋር ለመሥራት የዘወትር ምኞቴ ነበር» ብሎን ያውቃል፤ ማስረጃዎቹ ጥሩ ነበሩ፣ ሥራው ግን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ስለነበር አለፍነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፉ፣ ሰዋስዋቸው የማይነቀፍ ደብዳቤዎች በብዛት ይደርሱናል። በመሣሪያው መጠቀምን አልቃወምም፤ የቋንቋ ስሕተት ማረሙ መልካም ነው። ነገር ግን ስለ ርክክቡ ሰነድም ሆነ ስለ ዱቤ መዝገቡ ያልተነገረው መሣሪያ ሊጽፈው አይችልም፤ የሚቀረው «ትጉህ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እችላለሁ» የሚለው ቃል ነው፤ ያንን ሁሉም ብሎታል። በቀላል እንግሊዝኛ፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር የተጻፈ የራስ ቃል ከዚያ ይሻላል።

ስለ ቅርጹ ብዙ አልልም። አንድ ገጽ ይበቃል። የሥራ መደቡ መጠሪያና የማስታወቂያው ቁጥር ጉዳዩ ላይ ይጻፍ፤ ስም በትምህርት ማስረጃው ላይ እንዳለው ፊደል ይሁን፤ ስልኩ የሚያነሳ ሰው ያለበት ይሁን። ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ደግሞ በመጀመሪያው የቃለ መጠይቅ ጥያቄ ይጋለጣል፤ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ላየውም ለተጠየቀውም የሚያሳቅቅ ነገር ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በአመልካቾች ላይ ብጭን ግን ሐሰተኛ እሆናለሁ። ማስታወቂያ ስናወጣ «ተዛማጅ የሥራ ልምድ ያለው» ብለን እናልፋለን፤ ሥራው ምን እንደሆነ ካልነገርነው አመልካቹ ለየትኛው ጥያቄ መልስ ይስጥ? ማመልከቻ በአካል ካልቀረበ አንቀበልም እያልን ከክፍለ ሀገር ሰው እናመላልሳለን። ፈተናው ብቻ በሚወስንባቸው መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤው ለመዝገብ ያህል እንደሚቀመጥም አውቃለሁ። እኔ ራሴ ባለሁበት ክፍል አንድ ጊዜ የማመልከቻው ብዛት ከአቅማችን በላይ ሲሆንብን፣ አንድም ደብዳቤ ሳናነብ በዲግሪ ውጤት ብቻ ቆርጠን ሁለት ሦስተኛውን ወደ ጎን አድርገናል። በዚያ ክምር ውስጥ እንደዚያች የግምጃ ቤት ሠራተኛ ያለ ደብዳቤ ሳይነበብ ቀርቶ እንደሆነ ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። የጋዜጣ ማስታወቂያ በሚይዘው ቦታ ልክ ስለሚከፈልበት፣ ድርጅቶች ገንዘብ ለመቆጠብ ሲሉ መጀመሪያ የሚቆርጡት የሥራውን ዝርዝር ነው፤ በእኛም ቤት የሚደረገው ይኸው ነው። የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ለሚያወጣ ድርጅት ሁሉ የሥራ መደቡን ዋና ዋና ተግባራት የሚገልጹ ሦስት መስመሮች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ብትፈቅዱ፣ አራት ኪሎ ቆሞ የሚያነበው ወጣት በብጣሽ ወረቀቱ ላይ ከአድራሻውና ከቀነ ገደቡ ጋር የሚጽፈው ሦስተኛ ነገር ያገኛል። በበኩሌ ከሚቀጥለው ማስታወቂያችን ጀምሮ እነዚያ መስመሮች እንዳይቆረጡ ለኃላፊዎቼ በጽሑፍ አመልክቻለሁ።

ከሰላምታ ጋር

አንድ የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ